የደረሰ ጉንፋን

«ደረሰ፣ ዛሬም ጉንፋን ነው?» አለው ማረው፣ ወንዙ መሀል ቆሞ። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። ደረሰ ኩታውን ጠበቅ አድርጎ ዳር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ጉንፋን የሚባል ነገር አልነካውም። የግራ የዘር ፍሬው ካበጠ ሰንብቷል፤ ከበድ ይለዋል እንጂ አያመውም።

ከሕመም ይልቅ የባሰው ፍርሃቱ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ጎንደር ሄዶ ከጳጳሱ ድቁና ሊቀበል ነው። መሪጌታው ኦሪትን ሲያነቡ ግን ፍሬው የተቀጠቀጠ ሰው ወደ ጉባኤ አይግባ የሚል ሰምቷል። ‹ካወቁብኝ አለቀልኝ› ብሎ አፉን ለጎመ።

በመጨረሻ ምስጢሩን ያስወጣው አንድ ወይፈን ነው። አባቱ ቄስ ማናዬ ለእርሻ ያሰቡትን ወይፈን ሊያኮላሹ ከጎረቤት ጋር ጥለው፣ ደረሰን እግር አስያዙት። ፍሬውን የሚቀጠቅጠው ዱላ ከፍ ሲል ልጁ የያዘውን እግር ለቀቀ። ወይፈኑ ተፈናጥሮ ተነሣና ሜዳውን ይዞ ጠፋ።

«ምነው ልጄ? የምናኮላሸው ወይፈኑን እንጂ አንተን አይደለም» አሉት ቄስ ማናዬ።

ደረሰን እንባ ቀደመው። ገለል አድርገው ሲጠይቁት ሁሉንም ነገራቸው፤ የኦሪቱን ቃልም ጭምር።

«ቃሉ የተቀጠቀጠ አለ እንጂ የታመመ መች አለ?» አሉ ቄሱ። «በል ተነሥ፣ ወረታ እንሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ወረታ ጤና ጣቢያ ውስጥ ድሬሰር አያልነህ መስኮቱን ዘጉና የእጅ ባትሪ አብርተው ከእብጠቱ ሥር ደገኑ። «እየው» አሉት። ብርሃኑ ቀልቶ ወዲህ አለፈ።

«ውኃ ቋጥሮ ነው። ጠጣር ነገር ቢሆን ብርሃን አያሳልፍም፤ ያን ጊዜ ባያምህም ጎንደር ሳልልክህ አላሳድርህም ነበር። ድንገት ከባድ ሕመም ከተሰማህ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳትውል ሳታድር ና። ለማንኛውም ጎንደር ሐኪም ይየው።»

«ድቁናውስ?» አለ ደረሰ።

ድሬሰሩ ወደ አባቱ ዞሩ። «ይህን እንኳ እርስዎ ይንገሩት።»

«ጎንደር መሄዳችን መች ይቀራል?» አሉ ቄስ ማናዬ። «መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ፣ ከዚያ ጳጳሱ ዘንድ።»

ደረሰ ሳቀ። ስንት ጊዜ ተሸክሞት የኖረው ጭንቀት እንዲህ በቀላሉ መውረዱ ገረመው።

ሲመለሱ ልጆቹ ወንዝ ውስጥ ነበሩ።

«ጉንፋኑ ለቀቀህ?» አለ ማረው።

ደረሰ ኩታውን አውልቆ ለአባቱ ሰጣቸው።

«ጉንፋን አልነበረም» አለ ወደ ውኃው እየወረደ። «ጠጋ በል፣ ልንገርህ።»