የተቀየረችው ቀይ መኪና

ማክሰኞ ጠዋት ሸምሰዲን መኪናውን ሊወለውል አነሳትና የሱ እንዳልሆነች አወቀ።

አጎቱ ሞቶ አሥራ ሁለት ቀን ወራቤ ለቅሶ ተቀምጦ ነበር። የገባው ሰኞ ነው። በማግስቱ ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ዳር ያለውን የመለዋወጫ ሱቁን ከፈተ። ጨርቅ አረጠበና ከባንኮኒው ጀርባ ወዳለው ባለመስታወት ቁምሳጥን ሄደ። እዚያ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ የለም። አንዲት ቀይ መኪና ብቻ ናት ያለችው። አንድ ክንድ የምታህል፣ በሪሞት የምትሄድ፣ ሄልሜት ያጠለቀ ትንሽ ሹፌር የተቀመጠባት የጃፓን መኪና።

የፊት መከላከያዋ ድሮ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ጨርቁ ሽቦው ላይ ሲደርስ የሸምሰዲን እጅ ቆመ።

ሽቦው ወደ ቀኝ ተጠምዝዟል።

ያንን ሽቦ ያሰረው ታላቅ ወንድሙ ሰላሃዲን ነበር። ሰላሃዲን ደግሞ ግራኝ ነው። ገመድ ሲገምድም ሆነ ሽቦ ሲያስር የሚያዞረው ከሰው ሁሉ በተቃራኒ ነው።

ሸምሰዲን መኪናዋን ይዟት ወደ በሩ ወጣ። የሱ መኪና ከሠላሳ ዓመት በላይ የመስኮት ፀሐይ ያገኛት በአንድ ጎኗ ብቻ ነው፤ ግራዋ ቀይ፣ ቀኟ ወደ ሮዝ የተጠጋ ነበር። የዚችኛዋ ግን ሁለቱም ጎን እኩል ደብዝዟል። ነጭ የነበሩትን ተለጣፊ ቁጥሮች ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

ሻይ ሻይ ይሸታሉ።

ሱቁን ለባለቤቱ ለረምዚያ ትቶ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

ተራ ደርሶት የተቀበለው ኢንስፔክተር ኦዳ ነው። ኦዳ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሸምሰዲን። ምን ጠፋብዎ?»

«መኪናዬ።»

«ታርጋ ቁጥሯ?»

ሸምሰዲን መኪናዋን ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ኦዳ መኪናዋን አየ። ሰውየውን አየ።

«ይቺው አለች አይደል እንዴ?»

«ይቺ የኔ አይደለችም።»

«የማን ናት ታዲያ?»

«እሱን እርስዎ እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

ጎን ያለው ጸሐፊ ሳቁን ዋጠ። ኦዳ አልሳቀም። እንደዚህ ዓይነት ሰው ፊት ላይ ቀልድ እንደሌለ ያውቃል። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለ።

ሸምሰዲን ነገረው። መኪናዋ በ1979 ዓመተ ምሕረት አባቱ ከሐጅ ሲመለሱ ከጅዳ ያመጧት ናት። ካርቶን ውስጥ ብትንትኗ ወጥታ ነው የመጣችው፤ የገዛት ሰው ራሱ ነው የሚገጥማት። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሰላሃዲን ገጠማት፣ የአሥር ዓመቱ ሸምሰዲን ብሎን አቀበለ። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ባትሪዋ ሌሊቱን ሙሉ ተሞልቶ ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። በየእሁዱ ለዚያች ሩብ ሰዓት ሲባል የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ሜዳው ዳር ይሰለፋል። በ1981 አንድ ሐሙስ ሰላሃዲን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። መኪናዋም ከዚያን ቀን ወዲህ ሄዳ አታውቅም።

ኦዳ ብዕሩን አስቀመጠ። «የኔም ታላቅ በዚያው ዓመት ነው የሄደው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ብዕሩን እንደገና አነሳ። «እንዲህ ያለች መኪና ማን ይፈልጋታል?»

«እሁድ እሁድ ፉሪ ሜዳ ላይ የምንገናኝ ሰባት ሰዎች አለን። ሁላችንም የድሮ ሪሞት መኪና ሰብሳቢዎች ነን።»

«ከነሱ ውስጥ ማንን ይጠረጥራሉ?»

ሸምሰዲን ጥቂት አመነታ። «ወንዲን» አለ።

ከሦስት ዓመት በፊት የጃፓኑ ፋብሪካ ያቺኑ ሞዴል እንደገና አምርቶ ገበያ ላይ አውጥቶ ነበር። ካርቶኑ ያው፣ ሥዕሉ ያው፣ ሹፌሩ ያው። የእሁዱ ማኅበር «ድጋሚ» ይላታል። በሷ የተነሳ ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል። ድጋሚዋን በመንገደኛ ከዱባይ የሚያስመጣው ወንዲ ነው። ፉሪ ላይ ቴሌቪዥንና ቴፕ የሚጠግነው እዮብ ደግሞ ድጋሚ ስትነሳ ምራቁን ይተፋል። «የሞተ ሰው ልብስ ለብሶ ልቅሶ ቤት መምጣት ማለት ነች» ይላል። ወንዲም አይመለስለትም። «አንተማ ያኔ ዓይንህ አይቷታል። እኔ በካርቶን ላይ ሥዕሏን አይቼ ነው ያደግኩት። ያኔ ያላገኘ አሁን ቢያገኝ ማንን ይጎዳል?» በዚህ ክርክር መኪናው ሳይነዳ የሚመሽበት እሁድ ብዙ ነው።

«ወንዲ የኔን በሁለት ድጋሚ ልቀይርህ ብሎ ሦስቴ ጠይቆኛል» አለ ሸምሰዲን።

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«አራተኛ እንዳይጠይቀኝ ነገርኩት።»

ወንዲ ሰበታ ላይ የሞባይል ሱቅ አለው። ኦዳ መኪናዋን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጣት ወንዲ ገለበጣት፣ ሆዷን በጥፍሩ ዳሰሰ።

«ይቺ የኔ ናት» አለ።

«ምን አልክ?»

«እኔ ያስመጣኋት ማለቴ ነው። ድጋሚ ናት። አዲሱ ምርት እዚህ ጋ ማኅተም አለው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀውታል። ይኸው ለስልሷል።»

«ስንት አስመጣህ?»

«አራት።»

«ለማን ሸጥክ?»

«ሁለቱን ቡራዩ ላሉ ወንድማማቾች። አንዷን ሱሉልታ ላለ አስተማሪ።»

«አራተኛዋስ?»

ወንዲ መኪናዋን ወደ ኦዳ ገፋ አደረጋት።

«አራተኛዋን ጠየቅኩህ።»

«ገዢው ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። እኔ ደግሞ ማልኩ።»

«መቼ ነው ከአንተ የገዛው?»

«ያለፈው ሳምንት፣ ረቡዕ።»

ኦዳ ወደ ባንኮኒው ተደገፈ። «ስማ ወንዲ። አሮጌዋን የምትፈልገው አንተ። አዲሷን የምታስመጣው አንተ። ገዢው ስም የለውም። አንተ ብትሆን በኔ ቦታ ማንን ታስራለህ?»

ወንዲ ፊቱ ጠቆረ። መኪናዋን እንደገና አነሳና ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ሹፌሩን ቀረብ አድርጎ አየ።

«ኢንስፔክተር፣ ጎማዎቹ የጥንቶቹ ናቸው። ሹፌሩም የጥንቱ ነው። የሸምሰዲንን መኪና ብሰርቃት፣ ጎማዋንና ሹፌሯን ለባለቤቷ መልሼ እሄዳለሁ? ሰብሳቢ የሆነ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

ኦዳ መኪናዋን ፌስታሉ ውስጥ መለሳት። ፌስታሉን አንስቶ ወጣ። ወደ ዓለም ገና በሚመለሰው ባጃጅ ውስጥ ግን የሚያስበው ስለ ወንዲ አልነበረም። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ የወሰደውን ሸርፎ የሚመልስ ሌባ አላጋጠመውም።

ረምዚያ ለአንድ የሲኖትራክ ሹፌር ማጣሪያ እየሸጠች አገኛት። ሹፌሩ እስኪሄድ ጠበቀ።

«ባለቤትዎ በሌሉበት ጊዜ ከባንኮኒው ጀርባ የገባ ሰው አለ?»

«ማንም አልገባም። እዮብ ብቻ ነው። መብራቱን ሊሠራ።»

«አንዴ?»

«ሁለቴ። ሸምሱ በሄደ በማግስቱ መጣ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ እንደገና ላየው ብሎ መጣ።»

«መብራቱ እንደገና ተበላሽቶ ነበር?»

ረምዚያ አሰብ አደረገች። «አልተበላሸም። እኔ አልጠራሁትም።»

«በነዚያ ቀናት መኪናዋ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነበረች?»

«አላየሁም። የዘይት ካርቶኖቹ ጋርደውት ነበር። መሰላል ላቁም ብሎ እዮብ ነው እዚያ የደረደራቸው። ቅዳሜ ራሱ መልሶ አነሳቸው።»

ሸምሰዲን ከመጋዘኑ ወጥቶ እየሰማ ነበር። «እዮብን ይተዉት» አለ። «አብሮ አደጌ ነው። እናቱና እናቴ በአንድ ግቢ ነው ያሳደጉን።»

«መኪናዋን ፈትቶ የሚያውቅ ሰው አለ? ከወንድምዎ ሌላ?»

«ባትሪው አፍስሶ ውስጧን ሊበላት ሲል የጠረገልኝ...» ሸምሰዲን አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«ኦቦ ሸምሰዲን፣ ይቺን መኪና የወሰደው ሰው ሊያስቀራት አልወሰዳትም» አለ ኦዳ። «እጁ ላይ ተሰበረች። የተረፈላትን ሁሉ ደግሞ መልሶ ገጥሞልዎታል። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ማን ነው?»

ሸምሰዲን ኮቱን ከምስማሩ አወረደ።

የእዮብ ሱቅ ፉሪ ዳገቱ ላይ፣ በጀርባ በኩል የጤፍ ማሳ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ሁለቱ ሲገቡ እዮብ አንድ አሮጌ ራዲዮ ከፍቶ እየበየደ ነበር። ፌስታሉን አየ። ካውያውን ከሶኬት ነቀለ።

«ሻዩ ነው?» አለ።

«ሽቦው ነው» አለ ሸምሰዲን። «ወደ ቀኝ ጠምዝዘኸዋል።»

እዮብ ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። ከዚያ ተነስቶ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደና በሸምሰዲን ፊት ከፈተው። ቀይ ስብርባሪ ነው። አንዱ ቁራጭ ወደ ሮዝ ያደላል። ከታች የዛገ ሽቦ ብናኝ አለ።

ሸምሰዲን ጎንበስ ብሎ አየው።

«ፕላስቲኩ እንደ ብርጭቆ ሆኗል» አለ እዮብ። «አላወቅኩም። አዲስ ባትሪ ሠራሁላትና ማለዳ ከማሳው ማዶ ያለው ሜዳ ላይ ወሰድኳት። አራት ደቂቃ ሄደች። ትንሽ ድንጋይ ናት የነካችው። ተበታተነች።»

«ከዚያ ከወንዲ ገዛህ» አለ ኦዳ።

«ያንን ሁሉ ስሰድባት ኖሬ፣ እሱ በር ላይ ቆሜ ድጋሚ ስጠኝ አልኩት። እንዳይናገርም ለመንኩት። ሦስት ቀን ተቀምጬ፣ ቁጥሮቹን በሻይ እየነከርኩ አስረጀኋት። ጭረቷን አንድ በአንድ ነው የቀዳሁት።»

«ለምን?» አለ ሸምሰዲን። ድምፁ ሻካራ ነበር። «ለምን ወሰድካት?»

እዮብ መሬት መሬቱን አየ።

«ሰላሃዲን ተራ ሊሰጠኝ ነበር። ሁልጊዜ ገደል ስትገባ ሮጬ የማወጣት እኔ ነኝ፤ ሪሞቱን ግን ነክቼ አላውቅም። በመጨረሻው እሁድ ባትሪው ሲያልቅ ጠራኝና፣ ‹እዮቤ፣ የሚመጣው እሁድ ያንተ ነው› አለኝ። ሐሙስ ዕለት ወሰዱት።»

ሸምሰዲን ይህን አያውቅም ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አልሰማውም።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ብጠይቅህ እምቢ ትለኝ ነበር።»

ሸምሰዲን አሰበበት። ውሸት መናገር አልፈለገም።

«አዎ» አለ። «እምቢ እልህ ነበር።»

«ዐይኔ እየደከመ ነው ሸምሱ። ጥቃቅኗን ሽቦ አሁን አላያትም። አንተ ወራቤ ስትሄድ፣ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም አልኩ። ከሰበርኳት በኋላ ደግሞ ፊትህን ከማየት እስር ቤት ይሻለኝ ነበር። ግን እሱንም አልደፈርኩም።»

ኦዳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳያስፈቅዱ መውሰድ ስርቆት ነው» አለ። «አቤቱታው ተመዝግቧል። የሚቀጥለው የኦቦ ሸምሰዲን ቃል ነው።»

ሸምሰዲን ከቆርቆሮው ውስጥ ሮዙን ቁራጭ አንስቶ በጣቶቹ መሃል ያዘው። ተቆጥቶ ነበር። ቁጣው እዚያው ነበር፤ አልሄደም። የጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ስትሄድ እንዴት ነበረች?»

እዮብ ቀና አለ።

«መጀመሪያ እምቢ አለች» አለ። «ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ነገሩ አበቃ ብዬ ላነሳት ስል ትዝ አለኝ። ሰላሃዲን ሁልጊዜ ቁጢጥ ብሎ በሁለት ጣቱ ከኋላ ገፋ ያደርጋት ነበር። ቢስሚላህ ብሎ። እኔም ቁጢጥ አልኩና ገፋ አደረግኳት። አፌ ሳላዘው ቢስሚላህ አለ። ሄደች። ድምፁ ያው ነው ሸምሱ። አቧራዋን ከኋላዋ ስታስነሳ ያው ነው።»

ሸምሰዲን ቁራጩን የያዙትን ጣቶቹን አየ። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«በሁለት ጣቱ» አለ።

«ረስተኸው ነበር?»

«ረስቼው ነበር።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣና አለፈ። ሸምሰዲን ወደ ኦዳ ዞረ።

«እርስዎ ይሂዱ፣ ኢንስፔክተር። ጠዋት መጥቼ አቤቱታውን አነሳለሁ። እኔ ትንሽ ልቆይ።»

ኦዳ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ሸምሰዲን የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ስቦ ከእዮብ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አኖረው።

«እሺ፣ ንገረኝ» አለ። «ሌላስ ምን ያደርግ ነበር?»