እመት ቀስታ የሰፋችው ኮት

ስንፍናዋን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። «እመት ቀስታ» የሚለው ስም የወጣላት ገና በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ሃያ ስድስት ሞልቷት እንኳ አልለቃት አለ። ደግሞስ ልብስ ስፌት ቤት ተወልዳ፣ የእናቷንና የታላቅ እህቷን እጅ እያየች አድጋ፣ የጀመረችውን ልብስ የማትጨርስ ሴት ሌላ ምን ትባል? አንዱ እጅጌ ይቀረዋል፣ አንዱ ኮሌታ፣ አንዱ ቁልፍ። «ነገ እጨርሰዋለሁ» ትላለች። ከዚያ እጥፍ አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች፤ በዚያው ይቀራል።

እናቷ ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ከተዉ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ታላቅ እህቷ ናት። እሷማ የሥራ ሰው ናት! ጎህ ሲቀድ ትነሳለች፣ ካውያዋን ታሞቃለች፣ የመጀመሪያው ደንበኛ በሩን ሳያንኳኳ የግማሽ ቀን ሥራ ትጨርሳለች። ታናሽ እህቷን ከልቧ ትወዳታለች። ችግሩ ስትወድም እጇ አያርፍም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የእመት ቀስታ የስፌት መኪና በድንገት ቀጥ አለ።

«ከባለቤቱ ተምሮ ነው የሰነፈው» አለች እህቷ። ቢሆንም መካኒክ አስጠራች።

መካኒኩ ረጅም፣ ንግግር የማያበዛ ወጣት ነው። የመፍቻ ሣጥኑን በግራ እጁ እንዳንጠለጠለ በቀኙ ሦስቱንም ሴቶች ጨበጠና ወደ መኪናው ሄደ። ከፈተው። ከመርፌው በታች ካለው ጥርስ ሥር የታመቀ የክር ብናኝ በብሩሽ ጠርጎ አወጣ፤ አንድ እፍኝ ሞላ። እንደገና ጠረገ፤ ሌላ እፍኝ። ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን አየ። እግር የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ አልቆ ብረቱ ያብለጨልጫል።

«የማነው ይኼ መኪና?»

«የሷ» አለች እህት በአገጯ እያመለከተች። «ብዙም አይነካም።»

መካኒኩ ቀና ብሎ እመት ቀስታን አያት። ወዲያው ዓይኑን አልነቀለም።

«የዚህ ፔዳል ባለቤት ሰነፍ ከሆነች እኔ ንጉሥ ነኝ» አለ።

እህቷ ሳቀች፤ እናቷም ሳቁ። እመት ቀስታ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ሲግል ተሰማትና የማትፈልገውን ክር ፍለጋ መሳቢያ ውስጥ ገባች። በአሥር ዓመት ውስጥ ያንን ስም የተጠራጠረላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

«የሚቀየር ዕቃ አለው፤ ሐሙስ ይደርሳል» ብሎ ሄደ። ማክሰኞ ግን መጣ። «ዕቃው መድረሱን ላጣራ ብዬ ነው» አለ። ዕቃው የሚደርሰው እሱ ሱቅ መሆኑን ያነሳበት ሰው አልነበረም። ረቡዕም መጣ።

ረቡዕ እህቷ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታለች፤ እናቷ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል። መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ያን ያህል ሰፍተሽ፣ ልብሱ የት ገባ?»

የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው። መካኒኩ አንድ በአንድ አየ፤ እጅጌ የሌለው ሸሚዝ፣ ጫፉ ያልተዘመዘመ ቀሚስ፣ ቁልፍ ያልተተከለበት ካፖርት። ስፌቱ ጥንቅቅ ያለ ነው።

«ለምን አትጨርሺያቸውም?»

«ሰነፍ ስለሆንኩ ነዋ።»

«እሱንስ ፔዳሉ አስተባበለ። እውነቱን ንገሪኝ።»

ለማንም ነግራ የማታውቀውን ለምን ለእሱ እንደነገረችው እስከ ዛሬ አልገባትም። ምናልባት ሳይቸኩል ስለጠበቃት ይሆናል።

«አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ለእማዬ ቀሚስ ሰፋሁ። ጨርሼ፣ ተኩሼ፣ ሰቅዬው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ እትዬ ተርትራዋለች። ‹ወገቡ ትንሽ ሄዶብሽ ነበር፣ አስተካከልኩልሽ› ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛውንም። እንዳልቆጣት ስማኛለች፤ እንዳላለቅስ ደግሞ እውነትም አሳምራዋለች።» ሸሚዙን አጥፋ መለሰችው። «ያላለቀ ልብስ ግን አትነካም። ያልጨረስኩት የኔ ነው።»

መካኒኩ የቁም ሣጥኑን በር ቀስ አድርጎ ዘጋላት።

«ለኔ ኮት ስፊልኝ» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ከተማ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ያንን ኮት ለብሼ መሄድ እፈልጋለሁ። የለበስኩ ዕለትም አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ።»

«አሁን ለምን አትጠይቀኝም?»

«እኔም በምላሴ ሰነፍ ነኝ።»

ሳቀችና ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ደረቱን ለካች፣ ክንዱን ለካች። የቀኝ ትከሻውን ለካች፤ የግራውን ለካች። የግራውን ደግማ ለካችና ፈገግ ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

«ምን አገኘሽ?»

«የሙያ ምስጢር ነው።»

ሐሙስ መኪናው ተጠገነ፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ድምፁ አልተቋረጠም። እህቷ ዓይኗን ማመን አቃታት። «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» ትላለች። ቆይታ ደግሞ ስጋት ይይዛታል፤ «አደራሽን፣ ሰውየውን በሸሚዝ ብቻ ሸኝተሽ እንዳታሳፍሪው።»

በመሄጃው ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ኮቱ እጅጌው ገብቶ፣ ገበሩ ተሰፍቶ ሁለት ቁልፍ ተተክሎበት ቆመ። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ እመት ቀስታ መርፌዋን አስቀመጠች። ካለቀ እትዬ ታየዋለች። ካለቀ ደግሞ ጥያቄው ይመጣል። እሷ ደግሞ ጥያቄውን ከምንም በላይ ትፈልገዋለች፤ ከምንም በላይም ትፈራዋለች። «ነገ ጠዋት» አለችና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። አንድ ቁልፍ እስከቀረው ድረስ የኔ ነው ብላ ተኛች።

አልገመተችም እንጂ፣ እህቷም ያንን ቁልፍ አይታዋለች። አውቶቡሱ የሚነሳው በስድስት ሰዓት፣ ታናሿ ደግሞ እመት ቀስታ! ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ልትጨርስላት ኮቱን አነሳች። ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለችው። የግራ ትከሻው ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። «ውይ እህቴን!» አለችና መተርተሪያዋን አነሳች።

እመት ቀስታን የቀሰቀሳት የሚበጠስ ክር ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ አሥር ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች። ስትመጣ የግራው እጅጌ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

«አይዞሽ፣ እንደርሳለን» አለች እህቷ ቀና ሳትል። «ትከሻው ተጣሞብሽ ነበር።»

እመት ቀስታ ዞራ ወደ አልጋዋ ሄደች። እንዲህ ሲሆን ልማዷ ተሸፋፍኖ መተኛት ነው። ብርድ ልብሱን ያዘች። አንድ ሰው መናኸሪያ ቆሞ መንገድ መንገዱን ሲያይ ታያት። ብርድ ልብሱን ለቀቀችውና ተመለሰች።

«እትዬ፣ ኮቱን ስጪኝ።»

«ትከሻውን ላስተካክልና...»

«አታስተካክይው! አውቄ ነው ዝቅ ያደረግሁት። ዝቅ ያለው የሰውየው ትከሻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያንን የብረት ሣጥን በግራ እጁ ተሸክሟል። አንቺ ያየሽው ኮቱን ነው፤ እኔ የለካሁት ሰውየውን ነው።»

እህቷ መተርተሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከመስኮቱ ሥር የእናቷ ድምፅ መጣ።

«እውነቷን ነው። እኔ እንኳ በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ።» ወደ ታላቂቱ ዞር አሉ፤ «ምነው ልጄ፣ እስከ ዛሬ ስንቱን እያስተካከልሽ ወሰድሽባት?»

«ላግዛት ብዬ እኮ ነው!» የታላቂቱ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች ታናሿ። «ስለማውቅ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት።»

ተቀመጠችና ፔዳሉን ረገጠች። አምስት ሰዓት ተኩል ሲል እጅጌው ቦታው ገባ፤ የግራው ትከሻ ልክ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ። ኮቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሮጠች። እመት ቀስታ ስትሮጥ ያየ ሰው ሁሉ እሳት የተነሳ መስሎት ከቤቱ ወጣ።

መካኒኩ በሸሚዝ ብቻ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሟል። ሲያያት መጀመሪያ ኮቱን አላየም፤ እሷን ነው ያየው። አለበሰችው። ትከሻውን ወደ ፊት ወደ ኋላ አንቀሳቀሰ፤ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«የለበስኩት ኮት ሁሉ በግራ በኩል ይይዘኝ ነበር» አለ። «ጥፋቱ የኔ ይመስለኝ ነበር።»

ሊቆልፈው ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ጣቱ ቁልፍ አጣ። እመት ቀስታ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ይኸው ይሄም አላለቀም!

«ቆይ! ሹፌር፣ ቆይ!»

እህቷ ናት። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ እያለከለከች፣ በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በሌላው ክር የገባበት መርፌ ይዛ መጣች። ደርሳ እጇን ወደ ኮቱ ሰደደች። ደረቱ ላይ ሊደርስ ሲል ግን ቆም አለች። መርፌውን ለታናሿ ሰጠቻት።

«እንቺ። ራስሽ ትከዪው» አለች፤ ሁለት እጆቿን እንዳያመልጧት ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ።

«ቀስ በይ» አላት መካኒኩ። «ነገም አውቶቡስ አለ።»

በሕይወቷ «ፍጠኚ» እንጂ «ቀስ በይ» ያላት ሰው አልነበረም። እሱን መውደድ ጀምራ ከነበረ፣ ያን ጊዜ ጨረሰችው። «የለም» አለች፣ «ዛሬ ነው የምጨርሰው።» ልቡ ሲመታ ከጨርቁ በታች ጣቶቿን ይነካታል። ቋጠረችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ትንሽ ላላ...» አለች እህቷ፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

«አሁን ጠይቀኝ» አለችው እመት ቀስታ።

ሦስተኛውን ቁልፍ ቆለፈ። «ትጠብቂኛለሽ?»

«አልጠብቅህም።»

ፊቱ ጭልም ሲል አየችና ፈጠን ብላ ቀጠለች። «ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ታውቀኝ የለ። ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉትን ልጨርስና መኪናዬን አስጭኜ እመጣለሁ።»

«መቼ?»

ምላሷ «ነገ» ሊል ዳድቶት ነበር።

«የዛሬ ወር። ቅዳሜ፣ በዚሁ አውቶቡስ።»

ሰፈሩ ሲሰማ ሳቀባት፤ እሱ ግን አመናት።

የዛሬ ወር የተባለው ቅዳሜ ሲደርስ፣ በሌላው ከተማ መናኸሪያ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አንድ የስፌት መኪና ወረደ፤ ፔዳሉ የተላጠ። ሦስቱንም ቁልፍ የቆለፈ ሰው እየሳቀ ቀርቦ በቀኝ እጁ ሊያነሳው ጎንበስ አለ።

«በግራህ!» አለችው ከበሩ እየወረደች። «ትከሻህ ከተስተካከለ ኮቱን ማን ሊተረትረው ነው?»