ዘንጉ ሲወድቅ

«ልልቀቃት?» አለ ብሎን፣ ጋሪዋን ቁልቁለቱ አናት ላይ አንቆ እንደያዘ።

«ቆይ እንጂ፣ ጉድጓዱን ልየው» አለች ምርመራ።

ምርመራ የቤት ስሟ ነው። የተነገራትን በእጇ ካልነካች አታምንም፤ ቀለሙ አልደረቀም ካሏት ጣቷን ለጥፋ ነው የምታረጋግጠው። ብሎን ደግሞ የክፍሏ ልጅ ነው። አንዴ ከያዘ አይለቅምና ስሙ ልክክ ብሎለታል።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በአባቷ ወሬ ነው። አባዬ ሾፌር ነው፤ ወሬ ማጣፈጥም ያውቅበታል። ባለፈው ወር የሰባት ዓመቱን ወንድሟን ሚጢጢን ከጎኑ አስቀምጦ ሲነዳ፣ ከማርሹ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅሙ የብረት ዘንግ የፊት ጫፉ ተበጥሶ መንገዱ ላይ ወደቀ። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች፤ ማንም ምንም አልሆነም። አባዬ ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ «ዘንጉ መሬት ላይ ተተከለና መኪናዋን ወደ ሰማይ ወረወራት። ወፎቹን ሰላም ብለን ተመለስን» ይላል።

እንግዳው ይስቃል። ሚጢጢ አይስቅም። ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ያየው ነገር የለም፤ የሚያውቀው የአባቱን ወሬ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲያይ የእህቱን ቀሚስ ጨምድዶ ይይዛል። ሰኞ ደግሞ ትምህርት ቤታቸው ከተማው ማዶ ወዳለው አዲስ ሕንፃ ይዛወራል፤ ያለ አውቶቡስ አይደረስም። አባዬ «ምን ችግር አለው፣ ተሸክሜ እጭነዋለሁ» ብሏል። ወንድሟ እየጮኸ ሲጫን ለማየት የምርመራ አንጀት አይችልም።

«መኪና አይዘልም» ብላ ልትገላገለው ትችል ነበር። ግን ይዘል እንደሆነስ እሷ ምን ታውቃለች?

ስለዚህ እሷና ብሎን አሮጌ ጋሪ ሆድ ሥር የብረት ዘንግ አሰሩ። ኋላው በሽቦ ተይዟል፣ ፊቱ በክር ተንጠልጥሏል፤ ክሩ ሲበጠስ ፊቱ መሬት ይወርዳል። መጀመሪያ በለስላሳው መሬት ላይ ለቀቋት። ዘንጉ እየተንኳኳ ተጎተተ እንጂ ምንም አላመጣም። ቀጥሎ ጉድጓድ ቆፍረው ጠርዙን በድንጋይ አጸኑት። ዘንጉ ጠርዙን ሲመታ ጋሪዋ ተገልብጣ በአናቷ ተተከለች።

ብሎን በደስታ ጨፈረ። «በረረች! አባትሽ እውነቱን ነው!»

«ባዶ ጋሪ እኮ ናት» አለች ምርመራ። «መኪና ሞተር አለው፣ ሰው አለበት።» ጋሪዋን እስከ አፏ ድንጋይ ሞሉባት። አሁን የሚለቋት እሷን ነው።

«በል ልቀቃት።»

ጋሪዋ ወረደች። ምርመራ ክሩን ስባ በጠሰችው። ዘንጉ ጉድጓዱ ውስጥ ተሰነቀረ፣ የጋሪዋ ቂጥ አንድ ስንዝር ብድግ ብሎ ዷ አለ፣ ዘንጉም ተጣመመ። ጋሪዋ ቆመች።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ዘንጉን አዩት።

«ይቺን ለሚጢጢ እንዳታሳዪው» አለ ብሎን። «ጉድጓዱን ድፈኚና ለስላሳውን ብቻ አሳዪው። ይሳፈራል፣ አለቀ።»

ሐሳቡ አሪፍ ነበር፤ ምርመራም አካፋውን አነሳች። አንድ አካፋ አፈር ጨመረች። ከዚያ ሚጢጢ አንድ ቀን ጉድጓድ ያለበት መንገድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ታያት። ያኔ ያለችውን ሁሉ ማመን ያቆማል። ፈራች፤ አካፋውን መልሳ ጣለችው።

«ዘንጉ ቢበጠስም መሬት ባይደርስስ?» አለች።

«እንዴት አድርጎ?»

ቀበቶዋን ፈታች። በዘንጉ ፊት በኩል አዙራ ከጋሪዋ ወለል ጋር አሰረችው። ዘንጉን አቃንተው፣ ክሩን መልሰው አስረው ለቀቋት። ክሩ ተበጠሰ፤ ዘንጉ ቀበቶው ላይ ወድቆ ተንጠለጠለ፣ ጋሪዋም ጉድጓዱን እየተንቋቋች አለፈችው።

ሚጢጢን ጠራችው። ሁሉንም አሳየችው፤ ለስላሳውን፣ ጉድጓዱን በባዶዋ፣ ከዚያ ድንጋይ በተሞላችው፣ በመጨረሻ ቀበቶውን። ጋሪዋ ስትገለበጥ እጁ ወደ ቀሚሷ ሄደ። ቀበቶው ዘንጉን ሲይዘው ግን ቀሚሷን ለቆ ጋሪዋ ሥር ገባ።

አባዬ ከኋላቸው ቆሞ ያይ ነበር። ሚጢጢ ከጋሪዋ ሥር አንገቱን አወጣ። «አባዬ፣ የእኛ መኪና ምን ያህል ዘለለች?»

አባዬ ለወሬው አፉን ከፈተ። የልጁን ዓይን አየና መልሶ ዘጋው። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ትንሽ አራራቀ።

«ይቺን ታህል» አለ።

«ወፎቹስ?»

«ወፎቹን እኔ ነኝ የጨመርኳቸው።»

ሚጢጢ አሰበ። «የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ቀበቶ አለው?»

«አላውቅም» አለች ምርመራ። አለው ለማለት ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ሲቆም ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደች። «ጋሼ፣ ከሥር አንዴ እንይ?»

«ምን ጠፋባችሁ?»

«የጠፋብን ነገር የለም። ዘንጉን የሚይዝ ብረት መኖሩን ልናይ ነው።»

ሾፌሩ ግራ ገብቶት ሞተሩን አጠፋና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ወረፋ የያዙት ልጆች ሳቁ። ምርመራ በዩኒፎርሟ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች፤ ሚጢጢም አጠገቧ። ጨለማ ነው፣ ጭቃና ዘይት። ዓይናቸው ሲለምድ ዘንጉ ታየ፤ ፊቱ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት ዙሪያውን አቅፎታል።

«አለ» አለ ሚጢጢ በሹክሹክታ።

ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። ከዚያ ቀሚሷን ሳይይዝ፣ ከፊቷ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ።