የባለካባው ሰላይ አራት ሥዕሎች

መምህር ቡሽራ እኛ ዘንድ የመጣው ሸሚዝ ሊገዛ አልነበረም። በሸሚዙ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ወረቀት ፈልጎ ነው።

በ1977 ዓ.ም. እኔና እናቴ ሀሊማ አሰበ ተፈሪ ገበያ ሰልባጅ እንሸጥ ነበር። ልብሱ ከጅቡቲ በባቡር ሚኤሶ ይደርሳል፤ ከፊናንስ ፖሊስ ዓይን የተረፈው እኛ ጋ ይመጣል። እንዳይጨማደድ በየመሃሉ አሮጌ የፈረንሳይ መጽሔት ያደርጉበታል። ጽሑፉ ጥቂት፣ ሥዕሉ ብዙ ነው፤ አረንጓዴ ካባ ለብሶ የሚበር ሰላይ አለበት። ከወሎ ተመድቦ የመጣው ቡሽራ ይህን ሰላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰበስባል። አሥራ አንድ ዕትም ጎድሎኛል ብሎ ሲናገር ከብቱ የጠፋበት ሰው ይመስላል። ሲሄድ እናቴ «ዘይቱና፣ ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ግን መጽሔቶቹን አስቀምጥለት ጀመር። ከመስጠቴ በፊት አያቸውና ታሪኩን እነግረዋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ እናቴ ገበያውን ማን ይጠብቅልኛል ብላ አስቀርታኛለች። የማውቀው ቁርዓን ቤት በዐረብኛ የቀራሁትን ነው። ስለዚህ ሥዕሉንም እንደለመድኩት ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከኋላ ወደ ፊት እሄድበታለሁ። ሌላ መንገድ መኖሩን ማን ነገረኝ?

ታሪኩ አንድም ቀን አልያዝልሽ አለኝ። የፈረሰ ፎቅ ይቆማል፤ የሞተ ሌባ ተነስቶ ይሮጣል። ያ የሚበር ጀግና መጨረሻ ላይ ካባውን አውልቆ፣ መነጽር ሰክቶ፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ቢሮ ይገባል። ምን በድሎ ነው ከደረጃው ያወረዱት ብዬ ስጠይቀው ቡሽራ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነው። ከደራሲው ያንቺ ይሻላል አለኝና ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ቆየ። እኔም አልነቀልኩም። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ።

ሰኔ ላይ የበደሳው ዓሊዩ ሽማግሌ ላከ። ቡና የሚጭን መኪና አለው፣ እናቴም ወዳዋለች፤ መልስ የምንሰጠው ክረምቱ ሳያልቅ ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት ተዘጋና ቡሽራ ወደ ደሴ ሊሄድ ተነሳ። ደብዳቤ ቢጽፍልኝ የሚያነብልኝ ሌላ ሰው ነው፤ ያን ያውቃል። እናቴ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር አንድ ካርቶን አስጨበጠኝ።

«ቀስ ብለሽ እይው» አለኝና ሄደ።

አራት ሥዕሎች በአንድ ረድፍ ተለጥፈዋል። ገጽ ሲታጠፍበት የሚያመው ሰው መጽሔቱን በመቀስ ቆርጦታል። ከቀኝ ጀመርኩ። ባለካባውና ሴቲቱ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ቀጥሎ ባለካባው ብቻውን ከደመና በላይ ይበራል። ቀጥሎ ሴቲቱ መስኮት አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣለች። መጨረሻ ላይ ባለካባው ባቡር ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል።

ተያያዝን፣ በረረ፣ ብቻዬን ቀረሁ፣ ደህና ሁኚ። ከዚህ የበለጠ ስንብት የለም። መጽሔቱንም የቆረጠው ነገሩን ስለጨረሰ ነው አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ተደብቄ አለቀስኩ፤ ንዴቱም ከለቅሶው አይተናነስም ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እናቴ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?» ስትለኝ፣ እሺ በያቸው አልኳት። ዓርብ ኒካህ ታሰረ።

ቡሽራ ሰኞ መጣ፤ ለሽምግልና አጎቱን ከደሴ ይዞ። እናቴ የዓርቡን ስትነግራቸው ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እሱ ወደ እኔ ቀረበ። ካርቶኑን ከልብሱ ሥር አውጥቼ ውሰድ አልኩት። አልወሰደም። ጣቱን በግራ በኩል ባለው ሥዕል ላይ አሳረፈ።

«እሄዳለሁ» አለ። ጣቱ ወደ ቀኝ ተሻገረ። «ትጠብቂኛለሽ። በርሬ እመለሳለሁ።» የተያያዙት እጆች ላይ ሲደርስ ጣቱን አነሳ።

የሸሚዙን ክምር ተደግፌ ቆምኩ።

«ዘይቱና፣ አልገባሽም ነበር?»

አልገባኝም ብለው ምን ይመለሳል? ኒካሁ ታስሯል፣ የእናቴ ቃል ወጥቷል። እሱ ደግሞ እውነቱን ካወቀ ዕድሜ ልኩን መቀሱን ሲረግም ይኖራል።

«ገብቶኝ ነበር» አልኩት። «በደንብ ገብቶኝ ነበር።»

«አላህ ያሳምርልሽ» አለና የአጎቱን ክንድ ይዞ ከገበያው ወጣ። በመስከረም ሌላ አስተማሪ መጣ።

ዓሊዩ ደግ ባል ነው፤ አራት ልጆች ወልጄለታለሁ። ያልወደደችውን ሴት ወንድ ይረሳታል፣ በገዛ እጁ ያጣትን ግን አይረሳትም ብዬ ነበር የዋሸሁት። እንዲያ እላለሁ እንጂ፣ ለእሱ አዝኜ ይሁን፣ ወይስ ሥዕል እንኳ ማንበብ አለመቻሌን አፍሬ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።