ከእትዬ ቱርዱካን ጀርባ የወጣው ድምፅ

ያ ሁሉ ፂማም ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰው በጂቤክ ድምፅ ነው! በጂቤክ! በኬሚስትሪ አስተማሪው ላይ ግጥም እየገጠመች በየሳምንቱ ከክፍል በምትባረረው ልጅ! ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የነጂቤክ ጎረቤት ጋሽ አሳንቤክ ሞቱ። ለለቅሶው የሱፍ ድንኳን ተተከለ፤ እንደ ወጉ ወንዶቹ ውጭ ቆሙ፣ ሴቶቹ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ከውስጥ ሙሾ መውረድ አለበት። ዝም ከተባለ ሟቹ አልቃሽ አጣ ማለት ነው፤ ውርደት ነው በቃ።

ሙሾ አውራጇ እትዬ ቱርዱካን ናቸው፤ በናሪን አውራጃ የማያውቃቸው የለም። ጂቤክ ውሃ ልታቀብላቸው ገብታ ከጀርባቸው ልጥፍ ብላ ተቀምጣለች።

የፈረስ ኮቴ ተሰማ። እትዬ ቱርዱካን አፋቸውን ከፈቱ። ምንም! እንደተነፈሰ ጎማ «ህህህ» ብቻ። ደገሙት። ህህህ። ፈረሶቹ ደጅ ደረሱ፣ ድንኳኑ ጭጭ!  ጋሽ አሳንቤክ እኮ ከኪሳቸው ደረቅ አይብ ጠፍቶ አያውቅም፣ ላገኙት ልጅ ሁሉ ያድሉ ነበር። እና እሳቸው ያለ ሙሾ ይሸኙ?

አፏ ራሱ ተከፈተ።

«ፈረስህ ደጅ ቆሞ ጆሮውን ይጥላል፣
የጌታዬ ኮቴ ወዴት ቀረ ይላል።
ኪስህን የሚያውቁት የሰፈሩ ልጆች፣
ዛሬ ባዶ ቀሩ እነዚያ እጆች።»

ማን ነው ይሄን ያለው? እኔ? አለች ጂቤክ በልቧ። ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ግን ግጥሙ አላቆመም! አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፣ ውጭ ደግሞ ወንዶቹ እንደ ሕፃን ይነፋረቃሉ።

«ኧረ ቱርዱካን! ወጣትነቷ ተመለሰላት እኮ!» አለ አንዱ ሽማግሌ አፍንጫውን እየጠረገ።

ሴቶቹም ፊታቸው ወደ ግድግዳ ስለነበር፣ ያው እሳቸው መስለዋቸዋል።

ኋላ እትዬ ቱርዱካን ጂቤክን በክንዷ ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዷት።

«ማን አስተማረሽ?» ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል።

«ማንም። እኔ... አስተማሪ ላይ ብቻ ነው የምገጥመው።»

«ያው ነው። አንቺ ሰው ታያለሽ። ግን ትንፋሽሽ ከጉሮሮ ነው፣ ከሆድሽ አውጪው። አሳይሻለሁ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሐሙስ ማዶ መንደር የአርባ ቀን ለቅሶ አለ። ከኋላዬ ትቀመጫለሽ። ማንም አያውቅም። ድምፄ መሞቱ ከተሰማ እኔም አብሬ ሞትኩ፣ ልጄ።»

ጂቤክ ደንግጣ አንገቷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው መሰለኝ።

ማታ እራት ላይ እናቷ፣ ቀኑን ሙሉ ውጭ ድስት ሲያማስሉ የዋሉት፣ ዓይናቸው አብጧል። «ዛሬ ቱርዱካን አንጀቴን በላችው! ሰው እንዲህ ያለ አፍ ይሰጠዋል! አንቺ ደግሞ ያንን ምላስሽን ለቁም ነገር ብታውዪው ምናለ?»

ጂቤክ ጉርሻዋን አስቀመጠች። «እማ፣ እኔ ነኝ!» ልትል ነበር። የእትዬ ቱርዱካን ዓይን ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ቃሉን ዋጠችው።

እስከ ሐሙስ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ወደ እትዬ ቱርዱካን ቤት ሮጠች። ሴትዮዋ ሆዷን በጣታቸው እየጠቆሙ «ከዚህ! ከዚህ!» ይላሉ፤ ድምፅዋም ወፈረ፣ ራቀ፣ የራሷን ጆሮ ሳይቀር አስደነገጣት። እንዲህ ያለ ነገር ውስጧ ተኝቶ ነበር?

ሐሙስ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። እናቷ እዚህም ሊያግዙ መጥተው ውጭ ድስቱ ጋ ናቸው። እትዬ ቱርዱካን ተቀመጡና በዓይናቸው ከኋላቸው ያለውን ምንጣፍ አሳዩዋት።

ጂቤክ ምንጣፉን አነሳች። ከኋላ ሳይሆን፣ ሴቶቹ ሁሉ በሚያዩዋት ቦታ፣ ከጎናቸው አነጠፈችው፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካኩ።

እትዬ ቱርዱካን ክው አሉ። «ከኋላ!» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ፣ እባክሽ!»

ጂቤክ እጃቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። አልተነሳችም። ፈረሶቹ ደጅ ደርሰዋል፣ ትንፋሿን ከሆዷ ሳበች...

እናንተ ብትሆኑስ? ተነስታችሁ ከኋላ ትቀመጡ ነበር?