የረሂማ መዝገብ

ሰኞ ጠዋት የረሂማ መዝገብ ከመዝገብ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የለም።

ረሂማ ኮምቦልቻ አትክልት ትቸረችር ነበር። በ1979 መስከረም ደጃፏ ላይ በጥይት ተገደለች። የተከሰሰው የፈታችው ባሏ ሀምዱ ነው። ሲተኩስ ያየው አንድ ሰው ብቻ፤ ቃሉም ያለው በዚያ መዝገብ ውስጥ ብቻ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው።

የደሴው ዐቃቤ ሕግ ደጉ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«መጨረሻ የወሰደው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሥርጉት። ለልምምድ የመጣች የሕግ ተማሪ ናት፤ ገና ሦስተኛ ሳምንቷ። «ዓርብ ለእትዬ አረጋሽ መልሻለሁ።»

«መልሳለች» አለች የመዝገብ ቤቷ አረጋሽ። «ቁልፉ ግን ምስማር ላይ ነው የሚውለው። ማንም ያነሣዋል።»

ደጉ ተላላኪውን ጀላልን አስጠራ።

«ዓርብ የሀምዱ ወንድም ምን ሊሠራ መጣ?»

«ሊለምነኝ። በሽማግሌ ታርቀን ደሙ ይድረቅ አለኝ።»

«መዝገቡንስ ሰጠኸው?»

«ወላሂ አልነካሁም! ረሂማ እኮ የአክስቴ ልጅ ናት። እምቢ ብዬ ነው ያባረርኩት።»

ዘበኛውም ሲያባርረው አይቷል። ደጉ በረጅሙ ተነፈሰ።

ከሰዓት በኋላ ሥርጉት መዝገብ ቤት ገባች።

«እትዬ፣ የምስክሩን ቃል እንደገና እንቀበላለን። ስሙን አስታውሳለሁ፤ ቀለሙ ነው። መጥሪያውን ኮምቦልቻ እልካለሁ።»

«አትድከሚ። ከኮምቦልቻ ወጥቷል።»

«ማን ነገረዎት?»

አረጋሽ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረች።

«መዝገቡ ኮምቦልቻ ነው የሚለው። እርስዎ በምን አወቁ?»

አረጋሽ ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ልጄ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሠፈሩን ልጆች አፍሰው ለውትድርና ሲወስዱ፣ ቢስቲማ እህቴ ዘንድ ደበቅሁት። ለምስክርነት ከወጣ ይይዙታል።»

ተነሥታ ከተዘጉት መዝገቦች ክምር ሥር የረሂማን አወጣች።

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«እሷም እናት አላት።»

ደጉ ሁሉንም ሰማ። ለፖሊስ አልደወለም። «የስንቱን እናት ልክሰስ?» አለ። «ራሴ በቢሮው መኪና አመጣዋለሁ። ራሴ እመልሰዋለሁ።»

አመጣውም። ሐሙስ ቀለሙ ያየውን ተናገረ። ሀምዱ አንገቱን ደፋ። ጥፋተኛ ተባለ።

መኪናዋ ግን በዚያው ቀን ለሌላ ሥራ ታዘዘች። ደጉ ደብዳቤ ጽፎ ቀለሙን ከሥርጉት ጋር የቢስቲማ አውቶቡስ አሳፈረው። ሐይቅ ኬላ ላይ ታጣቂው ደብዳቤውን አነበበ።

«ለምስክርነት ይላል። መስክሯል አይደል?»

«መስክሯል፤ ግን ወደ ቤቱ…»

«እንግዲያ ጉዳዩ አልቋል። ውረድ አንተ!»

«እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ!» አለች ሥርጉት።

«ታዲያ የውትድርናውን ሕግ ታውቂዋለሽ።»

ዓርብ ጠዋት ሥርጉት መዝገብ ቤት በር ላይ ቆመች። አረጋሽ ፊቷን አየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የት ላይ ያዙት?»

«ሐይቅ ኬላ።»



«የሠራሁለትን ሹራብ ለብሶ ነበር?»

ሥርጉት አላስተዋለችም ነበር።

«ለብሶ ነበር፣ እትዬ» አለች።