የእናታችን ሕመም

«በቤተሰብሽ ውስጥ በእርግዝናዋ ጊዜ የደም ግፊት የያዛት፣ ወይም ያንቀጠቀጣት ሴት ነበረች?» ስትል ሲስተር ፋና ጠየቀች።

«ኧረ የለችም» አለች አደይ ፈጥና።

የአሥራ አራት ዓመቷ እንቁ አግዳሚው ላይ ተቁነጠነጠች። እናታቸው እሷን በወለደች ማግስት አንቀጥቅጧት እንደሞተች የነገረቻት ታላቅ እህቷ አደይ ራሷ ናት። ግን ከጎናቸው የአደይ አማት፣ እማማ ዘርትሁን፣ ተቀምጠዋል። ምራታቸው እስክትወልድ አብረዋት ሊቆዩ ነው ከቡሬ ገጠር ፍኖተ ሰላም ድረስ የመጡት። አደይ ጠዋት ከቤት ሲወጡ «ልክፍት ያለበት ዘር ውስጥ ገባን ይላሉ፤ ትንፍሽ እንዳትይ!» ብላ አስምላታለች።

ከጤና ጣቢያው እንደወጡ እማማ ዘርትሁን ባጃጅ ሊፈልጉ ቀደም አሉ። አደይ ግንባሯን ይዛ አጥሩን ተደገፈች። ጣቶቿ ስላበጡ ቀለበቷን ካወለቀች ሰንብታለች።

«ራስሽን አመመሽ አይደል? ለምን አልነገርሻትም?»

«ፀሐዩ ነው። አትነዝንዢኝ በቃ!»

«እማዬንስ ፀሐይ ነው የገደላት?»

አደይ ፊቷን አዞረች። እንቁ ወደ እማማ ዘርትሁን ጥቂት ሄደች፣ ተመለሰች፣ የእህቷን ፊት አየች። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች።

ሲስተር ፋናን በር ላይ አገኘቻትና ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገረቻት።

«ልክፍት ነው እንዴ፣ ሲስተር?»

«በሽታ ነው። እናትን ወይም እህትን ይዞ ከነበረ ልጅቱንም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። የግድ ይይዛታል ማለት ግን አይደለም። ዛሬ ግፊቷ ትንሽ ጨምሮ ስላየሁ ለሳምንት ቀጥሬያታለሁ። ራሷን ካመማት ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል መታየት አለባት።» ሲስተር ፋና ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። «አንቺም አድገሽ ስታረግዢ ይህን ለሐኪምሽ ንገሪ፣ እሺ?»

እንቁ ስለራሷ አስባ አታውቅም ነበር።

«እኔ ልጥራት» አለች ሲስተር ፋና። «የቀረ ምርመራ አለ እላታለሁ። ስምሽ አይነሳም።»

እንቁ እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

«ግዴለም» አለች መልሳ። «እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ስትደርስ አደይና እማማ ዘርትሁን ባጃጅ ውስጥ ገብተው ይጠብቋታል።

«እታለም፣ ስለ እማዬ ለሲስተር ነግሬያታለሁ። ነይ እንመለስ።»

«ምኑን ነው የነገርሻት?» አሉ እማማ ዘርትሁን።

እንቁ ወደ አደይ እጇን ዘረጋች። አደይ አፍጥጣ አየቻት፤ አማቷንም አየች። ከዚያ ቀስ ብላ አንድ እግሯን ከባጃጁ አወረደች።